ሁለት ሽቦ ብቻ ነው የቀረው

ግቢ፣ ግቢ የኔ እመቤት… በሩ ክፍት ነው። ኧረ ጫማሽን አታውልቂ! ወለሉ ላይ ብሎን አይጠፋም፣ እግርሽን ይወጋሻል። እንዴት ዋልሽ? ባልሽ ደህና ነው? ያቺ ትንሿስ፣ ጥርስ አበቀለች? እሰይ፣ እሰይ። ዝናቡም እንኳን አባራልን። ልብስሽ ደረቀ? የኔማ እንደራሰ ነው፤ ገመዱ ላይ ቦታ አጣሁ። የመኪና ሞኬት ተሰጥቶበታል። ታጥቦ ነው ደግሞ። ይህን ያህል ዓመት ስንረግጠው ግራጫ ይመስለን ነበር፣ ለካ ሰማያዊ ኖሯል። ሰው ቤቱ ባለሙያ ከሌለው ይህን እንዴት ያውቃል?

ቁጭ በይ። እዚያ አይደለም… ሶፋው ላይ ያለው የበር ልባስ ነው፤ የአራቱም በር፣ በተራ ተደርድሯል፣ እንዳይነካ ተብለናል። እዚህ ነይ፣ የኋላ ወንበር ላይ። አዎ፣ የመኪናዋ የኋላ ወንበር ነው፤ ምን ያስደነግጥሻል? ለሦስት ሰው የተሠራ ነው፣ ይመቻል። ቀበቶውን ብቻ ወደዚያ ግፊው፣ ጎንሽን ይቆረቁርሻል። ሙያ በልብ ነው ይባል ነበር በኛ ጊዜ… የዛሬው ሙያ ልብ አልበቃው ብሎ ሳሎን ድረስ ወጥቷል።

ሻይሽን ልቅዳልሽ። ስኳር ስንት ላድርግ? ሁለት። ወተት ግን የለኝም። ትናንት ልገዛ ስወጣ መተላለፊያው ላይ አንድ ረጅም ፕላስቲክ ተጋድሞ አገኘሁ፤ የመኪናዋ የበር ደፍ ነው አሉኝ። ብሻገረው ይሰበር ይሆናል ብዬ ፈራሁና ተመለስኩ። ሻይ እንደሆነ ያለ ወተትም ይጠጣል።

መስኮቱን ልዝጋው እንዴ? ኧረ ይከፈት፣ አየር ይግባ። የምናወራውም ምስጢር አይደል። ያቻትልሽ መኪናዋ፣ ከመስኮቱ ሁለት እርምጃ አትርቅም። ከበሯ የወጡት ሁለት እግሮች ታዩሽ? ጭንቅላታቸው ዳሽቦርዱ ሥር ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ። እግር ደግሞ ጆሮ የለውም። እንደ ልባችን እንጫወት።

ወንድሜ ይኸው፣ መስኮቱ ሥር። ሸለብ አድርጎታል፣ የኛ ድምፅ አይቀሰቅሰውም። የተቀመጠበት የፊት ወንበር ነው፣ ከሹፌሩ ጎን ያለው። ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ አንገት ይደግፋል፣ ምን የመሰለ ነገር ነው። ታውቂያለሽ አይደል፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የተማሪ አውቶቡስ ሲነዳ ከሹፌር ወንበር ሌላ ተቀምጦ አያውቅም። ይኸው በስተርጅናው ተሳፋሪ ሆነ… ሳሎን ውስጥ። መኪናዋ አልሄድ ስትል ወንበሯ መጣችለት። እስቲ አንቺ ፍረጂ፣ ከዛሬ ልጆች ስንቱ ይህን ያስባል?

እኔ መቼም ስም አልጠራም። ሃያ ስድስት ዓመት ስልክ ቤት ነው የሠራሁት፤ ሰው «አገናኙኝ» ይለኛል፣ ሽቦውን ሰክቼ አገናኛለሁ፣ ጆሮዬን አነሣለሁ። የሰው ስም ይዞ ማውራት ልማዴ አይደለም። በዚያ ላይ ማንን ልወቅስ? ወንድሜ የወለደው አንድ ብቻ ነው። አንድ ይሁን እንጂ እንደ አሥር ነው፤ ይህን ሳሎን ዞር ብለሽ እዪው፣ አንድ ሰው ብቻውን ይህን ሁሉ ፈታ ብትባዪ ታምኛለሽ?

የወንድሜን ዓይን ነገር ሰምተሻል፣ ሞራ ወጥቶበታል፤ በኦፕራሲዮን ነው የሚነሣለት። መጀመሪያ የመንገድ ጽሑፍ ራቀው፣ ቀጥሎ የሰው ፊት። አንድ ቀን ከገበያ ሲመለስ የመኪናዋን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረና «በቃኝ» አለ። ማንም ሳይነግረው። ከዚያ ቁልፉን ለአንድ ሰው ሰጠው። «መኪናዋ ያንተ ናት። ካንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ተራዬ ሲደርስ ዓይን ሐኪም ቤት ታደርሰኛለህ፣ ትመልሰኛለህ» አለው። ሌላ ቃል አልጨመረም። ግን ሸክሙን አየሽው? ማድረስ ብቻ መች ሆነና፣ መመለስም አለበት! ለአንድ ወጣት ትከሻ ይህ አይከብድም ትያለሽ?

ወንድሜ በበኩሉ ምን ያውቃል፤ ለሱ ሰው ማድረስና መመለስ ቀላል ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ያልወለዳቸውን ልጆች ከየደጃፋቸው እያነሣ አድርሷል፣ መልሷል። እናቱ የሞተችበትን የራሱን አንድ ልጅም ከኋላው የመጀመሪያው ወንበር ላይ አስቀምጦ… ዝናብ ይሁን፣ ጭቃ ይሁን፣ አንድ ቀን አርፍዶ አያውቅም። የድሮ ሰው ነዋ። አውቶቡሱ ሙዚቃ እንኳን አልነበረውም፣ እንዴት እንደደረሱ እንጃ።

እና ሰባት ወር ወረፋ ጠበቀ። አራት ቀን ሲቀረው አንድ አሳቢ ሰው መጣና «አባዬ፣ ያለ ሙዚቃ መንገዱ ይሰለችሃል» አለ። ሐኪም ቤቱ ከዚህ በመኪና ስንት ነው? አሥራ ሁለት ደቂቃ። መቼም አሥራ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ከአባት ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ… ምን ይወራል? ስለዚህ አራት ስፒከር መጣ። አምፕሊፋየር የሚሉት ብረት መጣ። ከኋላ የዕቃ ቦታው ውስጥ የሚገባ፣ የሚደልቅ ሣጥንም መጣ። ዓይኑ ለደከመ ሰው ጆሮውን ማድመቅ! እኔና አንቺ ብንሆን እኮ ዓይኑን ብቻ ነበር የምናስበው።

ሽቦ ማሳለፍ ደግሞ ቀላል ይመስልሻል አይደል? እኔም መስሎኝ ነበር። ስልክ ቤት ሽቦ ሲገባ ግድግዳው ላይ በምስማር እየመታን እንሄዳለን፤ አየው አላየው ማን ይጨነቃል። ሽቦ ያኔ ሰውን ከሰው ማገናኛ ነበር። የመኪና ሽቦ ግን መታየት የለበትም አሉ። ወፍራሙ ከባትሪው ተነሥቶ እስከ ኋላ ሲሄድ፣ ቀጭኑ ደግሞ ከዳሽቦርዱ ሲከተለው፣ የሰው ዓይን ማረፍ የለበትም። ስለዚህ የበሩ ልባስ ይነሣል፣ የደፉ ፕላስቲክ ይነቀላል፣ ሞኬቱ ይገለበጣል፣ ወንበሩ ይወጣል። አንድ ነገር እንዳይታይ ስንት ነገር ይገለጣል፣ አየሽ?

ልባሱም በብረት ሲነሣ ይጫራል፣ በለስላሳ ነገር ነው የሚነሣው ብሏል ቪዲዮው። ቪዲዮ አለ፣ ሁሉን የሚያስተምር። ለስላሳው ነገር ከየት ይምጣ? ከወጥ ቤቴ ነዋ። የእንጨት ማማሰያዎቼ ሦስቱም ተመለመሉ። አንዱ ተሰበረ፣ አንዱ በበሩ ሆድ ውስጥ ወድቆ ቀረ፤ አሁን በሩ ሲዘጋ ኳ የሚለው እሱ ነው። ሦስተኛው ግራ ቀኙን ናስትሮ ተጠቅልሎበት ሥራ ላይ ነው። ሾርባዬን በካቻቢቴ አማስላለሁ ብዬ ነበር… ካቻቢቴውም ጠፋ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ። እኔ ደግሞ ሳይቸኩል የሚያፈስ አየሁ። ለቃሚው ግን ሌላ ነው፤ ጉልበቴን እስቲ እዪው፣ ቀልቷል አይደል? ምንም አይደል፣ ተንበርክኬ ብሎን ስለቅም ነው። ለዕድሜዬ ስፖርት ይሆነኛል።

ስለ ክሊፕሶቹስ ነግሬሻለሁ? ክሊፕስ ማለት ልባሱን በሩ ላይ የሚይዙት ትንንሽ ፕላስቲኮች ናቸው፣ አንድ በር ላይ ብቻ ስምንት ዘጠኝ ይሆናሉ። የአንዱ በር ከሌላው እንዳይቀላቀል ለየብቻ አስቀምጡ ይላል ቪዲዮው። እውነቱን ነው። እና አንድ ጥንቁቅ ሰው ቤት ውስጥ ለየብቻ የተከፋፈለ ነገር ፈለገ… ምን አገኘ መሰለሽ? የወንድሜን የመድኃኒት ሣጥን! ያቺን ሰኞ፣ ማክሰኞ ተብላ ሰባት ቤት ያላትን። ክኒኑን ሁሉ አንድ ብርጭቆ ውስጥ ገለበጠና ሰኞን ለሹፌሩ በር አደረገ፣ ማክሰኞን ለፊቱ የቀኝ በር፣ ረቡዕና ሐሙስን ለኋላዎቹ፣ ዓርብን ለደፉ። ቅዳሜና እሁድን ባዶ ተወ፤ የእረፍት ቀን ያከብራል። እንዲህ ያለ ሥርዓት የት ታገኛለሽ?

ረቡዕ ጠዋት ወንድሜ እንደ ልማዱ በጣቱ ዳብሶ ረቡዕን ከፈተ፣ አፉ ውስጥ ጨመረ፣ ውሃ አነሣ። «እህቴ፣ የዛሬዋ ክኒን ትልቅ ሆነችብኝ» አለኝ። ጉሮሮው ሳትገባ በጣቴ መዥርጬ አወጣኋት። የኋላ የግራ በር ነበረች። ባለሙያችን ግን አልተቆጣንም፤ «ተመስገን! አንዷ ጎድላኝ ስፈልጋት ነበር» ብሎ ተቀበለኝ። ልበ ሰፊ ነው እኮ።

ያ ማክሰኞ… የዛሬ ሦስት ሳምንት መሆኑ ነው፣ የመጀመሪያው ቀጠሮ። ወንድሜ በማለዳ ተነሥቶ ተላጨ፣ ጡረታ የወጣ ቀን የለበሰውን ኮት ለበሰ። እጁን ይዤ ወደ ግቢ ስንወጣ መኪናዋ ቆማለች፣ ወንበር የላትም። ከዳሽቦርዱ ሥር ድምፅ መጣ። «ሁለት ሽቦ ብቻ ነው የቀረኝ አባዬ!» ሁለት ሽቦ ምንድን ነው? ምንም። ተመለስንና እዚሁ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አንድ ሰዓት ሆነ። ሁለት ሰዓት ሆነ። «ታክሲ ልጥራ» አልኩት። «ልጄ ይወስደኛል ብያለሁ» አለኝ። ሦስት ሰዓት ላይ ነጠላዬን አንሥቼ ልወጣ ስል እጄን ያዘኝ። «ታክሲ ከጠራሽ እሱ አላደረሰኝም ማለት ይሆናል» አለኝ።

ገባሽ የኔ እመቤት? ልጁ አላደረሰውም ከሚባል ዓይኑ ቢቀር ይሻለዋል። እንዲህ የተከበረ ልጅ በዚህ ሰፈር ታውቂያለሽ? የንጉሥ ልጅ እንዲህ ይከበራል? ስድስት ሰዓት ላይ የሐኪም ቤቱ ሰዓት አለፈ። ወንድሜ ኮቱን አወለቀ፣ አጥፎ ጉልበቱ ላይ አኖረና «ወንበሩስ ምቹ ነው» አለ። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከደስታ ነው መቼም… ከምን ይሆናል?

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? እንቁላሉ እንኳን ሄዷል፣ ደርሷል፣ ተመልሷል። መኪናዋን ነው የምንጠብቃት።

ለነገሩ አንድ ጊዜማ አልቃ ነበር፣ አልዋሽም። ከዚያ ማክሰኞ በኋላ በሳምንቱ። ወንበሯ ገባ፣ ልባሷ ተመታ፣ በሯ ተዘጋ፣ ለሁለት ቀን ሙሉ መኪና ነበረች። ጓደኞችም መጡ፣ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ዙሪያዋን ዞሩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሙዚቃው ተከፈተ፣ ጥሩ ነበር። ሞተሩ ሲነሣ ግን ስፒከሩ «ዊይይይ» ማለት ጀመረ። ነዳጅ ሲረገጥ ይብሳል፣ ሲለቀቅ ይቀንሳል። ወንድሜ እዚሁ ተቀምጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ «ሽቦዎቹን ባንድ ጎን አሳልፈሃቸዋል» አለ። በጆሮው ብቻ ነው እኮ! ድሮም ሞተር የሚያውቀው በጆሮው ነው፤ አውቶቡሱ ሳል ሲጀምረው ከመካኒኩ በፊት እሱ ያውቅ ነበር። «የባትሪውና የዘፈኑ ሽቦ አብረው አይሄዱም፤ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ አድርገው» አለ።

ምን ተባለ መሰለሽ? «አባዬ፣ ይሄ እንደ ድሮው መኪና አይደለም።» በአራተኛው ቀን ቪዲዮው ያንኑ ተናገረ። ቃል በቃል! ወፍራሙ ሲያጉረመርም ቀጭኑ ያለቅሳል፣ ለያዩዋቸው አለ። ያን ጊዜ «አዋቂ ነው ይሄ ሰውዬ!» ተብሎ ተጮኸ፤ ለቪዲዮው። መቼም ቪዲዮ ሲናገር ይደመጣል፤ ቪዲዮ አባት አይደለማ።

እንግዲህ ሁሉም ነገር እንደገና ተነሣ። ወንበሩ ወደ ሳሎን፣ ልባሱ ወደ ሶፋ፣ እኔ ወደ ጉልበቴ። ወንድሜም ሥራ አገኘ፣ የእጅ መብራት ያዥ ሆነ። አትሳቂ እንጂ። «አባዬ፣ ወደዚህ አብራልኝ» ይባላል፣ «ወዴት ልጄ?» ይላል፤ «ወደዚህ!»፣ «ወዴት?» ዓይኑ የማያይ ሰው ለሚያየው ብርሃን ሲይዝለት… እኔ በዕድሜዬ ብዙ ነገር አይቻለሁ፣ ይህን ግን አላየሁም ነበር። ለዚህም አበቃን።

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይላል ያጣ ሰው። የኛዋ ላም እኮ በሰማይ አይደለችም፣ እዚሁ ደጃፍ ናት። ወተቷን ባናይ ድምፅዋን እንሰማለን።

ነገ ሁለተኛው ቀጠሮ ነው፤ ሐኪሙ አዝኖለት በመሃል አስገብቶት ነው። ሐኪሙ በስልክ የነገረኝን እንዳለ ልንገርሽ። የግራው ሞራ ጠጥሯል፤ ነገ ካልመጣ ስሙ ከወረፋው መጨረሻ ይገባል፣ ያ ማለት ሌላ ሰባት ወር ነው፤ የግራው ዓይን ግን ሰባት ወር አይጠብቅም። ይህንኑ ለሚመለከተው አደረስኩ። ስልክ ቤት ያረጀሁ ነኝ፣ መልእክት አልቆርስም። «አክስቴ፣ አንቺ ደግሞ ትጨናነቂያለሽ! ሁለት ሽቦ እኮ ነው የቀረው» ተባልኩ። በደስታ ነው የተባልኩት፣ በፈገግታ። ፈገግታውስ የእናቱ ነው፣ ደስ ይላል።

ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም የሚሉትን ግን ማን እንደፈጠረው እንጃ። ውሸት ነው። ይኸው ሦስት ሳምንት ሙሉ እየበላነው ነው፣ አላለቀም።

ውይ! ብርጭቆሽን ያዢው! ያዢው… ተከፈተ። ሰማሽ? ወለሉ ከእግርሽ ሥር አልራደም? መስኮቱን እዪው፣ መስታወቱ ጥርሱን ያፋጫል። ማለፊያ ነው እኮ! ጠቅላላ ሰፈሩ ይሰማዋል፣ ማን ከልክሎት። ይኸውልሽ፣ ሻይሽም ሲጨፍር…

ነቃህ እንዴ ወንድሜ? ምን አልክ? ጮክ በል፣ አልሰማህም! … ሞተሩ ተነሣ ወይ ነው የምትለኝ? አልተነሣም ወንድሜ። ዘፈን ነው። ዘፈን ነው አልኩህ። ተኛ፣ ተደገፍ፣ እኔ አለሁ።

አየሽው? ከእንቅልፉ ሲባንን እንኳን የጠየቀው ያንኑ ነው። ኮቱንም ተመልከቺው፣ ጉልበቱ ላይ ነው። ቀጠሮው ነገ ነው ብዬ ብነግረው፣ «ይሁን፣ ከጎኔ ይሁን» አለኝ።

ኧ… ዘፋኙ ምን ሆነ? ተንተባተበ። ተቆራረጠ… ጠፋ። በቃ? በቃ። ባትሪው ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ሞተር ሳይነሣ ሲዘፈን ባትሪ ምን ያድርግ? ምስኪን፣ ጉልበቱን ሁሉ ለዘፈን ሰጥቶ ለመሄጃ ምንም አላስተረፈም። ባትሪውን ነው ያልኩሽ።

ጸጥታው ግን ደስ አይልም? አሁን ሰው ሰውን ይሰማል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ… እስቲ ዛሬ ይዛመደው።

ለሻይ ብቻ እንዳልጠራሁሽ ገብቶሽ ይሆናል። ዛሬ ጠዋት ወንድሜ ቁርሱን እየበላ፣ ማንኪያውን አስቀመጠና «ጎረቤታችንን ጠይቂልኝ እስቲ። ባሏ ነገ ጠዋት ዳቦ አድርሶ ሲመለስ በመኪናው ቢወስደኝ» አለኝ። የሰማሁትን አላመንኩም። ያ ታክሲ እንዳልጠራ እጄን የያዘኝ ሰው! «ልጅህስ?» አልኩት። ምን እንዳለኝ ልንገርሽ? «እሱን አታስቸግሪው፣ ሥራ ላይ ነው።» ይኸው ነው ያለው። አልተቆጣም። አላዘነምም። የዳቦውን ፍርፋሪ በመዳፉ ሰብስቦ ሳህኑ ላይ መለሰ። ቢቆጣ እንዴት ደስ ባለኝ! ሰው የሚቆጣው ገና የሚጠብቀው ነገር ሲኖር አይደል? ሦስት ሳምንት ጠብቆ፣ ዛሬ ጠዋት በቃው። እኔም ልቤ የተሰበረው ያን ጊዜ ነው፣ ከዚያ በፊት ያልኩሽን ሁሉ ጨዋታ አድርጊው።

እግሮቹን እስቲ እዪያቸው… ቆሙ እንዴ? ሲወዛወዙ አልነበር? ደክሟቸው ይሆናል። ትንሽ ይረፉ።

ባልሽ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ይችላል? አንድ ሰዓት ተኩል ላይ? ዕድሜ ይስጠው፣ ይበቃናል። ወንድሜ ከፊት ይቀመጣል፣ እኔ ከኋላ ከዳቦው መደርደሪያ ጋር እቆማለሁ፣ ለአሥራ ሁለት ደቂቃ ምን አለበት። መኪናው ሬዲዮ የለውም ብለሽኝ ነበር አይደል? አንቺ! ምንም የለውም? ጥሩ ነው፣ ወንድሜ ሞተሩን እየሰማ ይሄዳል፤ ከሱ የሚበልጥ ዘፈን አያውቅም። ወላድ በድባብ ትሂድ ሲባል እየሰማን አደግን። ወንድሜም ወልዷል፣ በዳቦ መኪና ይሄዳል።

ባልሽን ግን አደራ፣ ከወንድሜ ጎን እንዳይርቅ ንገሪልኝ። ፋሻው ሲፈታ እኔ ከደጅ እሆናለሁ፣ ደም አይሆንልኝም። ወንድሜ ዓይኑ በርቶለት መጀመሪያ የሚያየው የባልሽን ፊት ይሆናል፣ ዱቄት የነካውን። ስንት ዓመት ሙሉ ብዥ ብሎበት፣ አንድን ፊት አጥርቼ ልየው ሲል የኖረ ሰው ነው… የማንን ፊት እንደሆነ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩም። የባልሽም ፊት ደግ ነው፣ ይበቃዋል።

እንግዲህ ሻይሽን ጨርሺ። ከመሄድሽ በፊት ግን አብረሽኝ መርቂ፤ በዚህ ዕድሜዬ የቀረኝ ሀብት ምርቃት ነው። አሁንም ስም አልጠራም፣ ምርቃት ባለቤቱን ያውቃል።

ፈጣሪ ዕድሜ ይስጠው። ረጅም ዕድሜ፤ ፀጉሩ እስኪሸብት፣ ዓይኑ እስኪደክም። ልጅም ይስጠው፣ አንድ ወንድ ልጅ፣ መልኩም ጠባዩም ቁርጥ እሱን የመሰለ። ያ ልጅ በስተርጅናው መስኮት ሥር ለስላሳ የፊት ወንበር ያውጣለት። እንዳይወድቅ ቀበቶውን በገዛ እጁ ይሰርለት። ኮቱን ለብሶ ሲጠብቅ ሙዚቃ አይጉደልበት። ሲጠራውም ከሩቅ አይሁንበት፤ እዚሁ ከደጁ፣ በዚያ በሚያምር ፈገግታ፣ «ሁለት ሽቦ ብቻ ነው የቀረኝ አባዬ» ብሎ የሚመልስለት ይሁን። አሜን በዪ የኔ እመቤት… ጮክ በዪ፣ ሙዚቃው ጠፍቷል፣ ይሰማል።